በብርዱ ወር የምወዳቸው ጥቃቅን ነገሮች

ጃንዋሪን እወዳለሁ። ይህን ስናገር ሰው ትክ ብሎ ያየኛል። በቅርቡ ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር በስልክ ስናወራ፣ "ምነው አንቺ፣ ደህና ነሽ? ብርድ ደግሞ ይወደዳል እንዴ?" አለችኝ። እሷ ወሩ ከካላንደሩ ላይ ተገንጥሎ ቢጣልላት ደስታዋ ነው። አልፈርድባትም። ከምድር ወገብ ርቆ በሰሜኑ የምድር አጋማሽ ለሚኖር ሰው ጃንዋሪ ማለት ጨለማ፣ ውርጭ፣ የደረቀ ከንፈርና ማለቂያ የሌለው ልብስ መደራረብ ነው። (በደቡቡ አጋማሽ ያላችሁ ይህን ጽሑፍ ለጁላይ አቆዩት። የእናንተ ብርድ ያኔ ነው።)

እኔን ግን ይህ ወር የሚያስደስተኝን ያህል ሌላ ወር አያስደስተኝም። የማወራው ስለ ትልልቅ ደስታ አይደለም። ጉዞ የለበትም፣ ድግስ የለበትም። ጥቃቅን ናቸው። አንዳንዶቹ ደቂቃ እንኳን አይሞሉም። ሳስበው ግን ሁሉም አንድ የሚያመሳስላቸው ነገር አለ። የሚገኙት መሻገሪያው ላይ ነው። ከብርድ ወደ ሙቀት፣ ከጨለማ ወደ ብርሃን ስትሻገሩ። ብርዱ ብቻውን ማንንም አያስደስትም። ሙቀቱም ብቻውን ከሆነ ይለመድና ይረሳል። ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታ ላይ ግን አንጀት የሚያርስ ነገር አለ። የዚህ ወር ጥሩነቱ ያንን ቦታ በቀን ብዙ ጊዜ ማሳየቱ ነው።

ከሁሉም አስቀድሜ በርን ላንሳ። ከውጭ ተመልሳችሁ በሩን ከኋላችሁ የምትዘጉበትን ቅጽበት ማለቴ ነው። መጀመሪያ የሚቀበላችሁ ሙቀቱ አይደለም፤ ሽታው ነው። አየሩ ሲቀዘቅዝ ሽታ የሚሆኑት ቅንጣቶች ከነገሮች ላይ እንደ ልብ እየበነኑ አይነሱም። ስለዚህ ውጭ ትንሽ ከቆያችሁ አፍንጫችሁ ሽታ አልባ አየር ሲስብ ነው የቆየው። ከዚያ ቤት ስትገቡ የራሳችሁን ቤት እንደ እንግዳ ታሸቱታላችሁ። ሳሙናው፣ መጻሕፍቱ፣ የቁም ሳጥኑ እንጨት፣ ጠዋት ምድጃ ላይ የነበረው ነገር ሁሉ አንድ በአንድ ይመጣል። በሌላው ጊዜ የራሳችንን ቤት ሽታ አናውቀውም። ለምደነዋላ። እኔ ቤቴ ምን ምን እንደሚል የማውቀው በጃንዋሪ ብቻ ነው።

ከሽታው ቀጥሎ ጉንጭና ጣት ይመጣሉ። ጣቶቼ መጀመሪያ ቆጥቆጥ ያደርጋቸዋል፤ ከዚያ ይነዝራቸዋል። ሰውነታችን ብርድ ሲመታው የቆዳውን የደም ሥሮች ያጠብባል። ደሙን ከጣትና ከጆሮ ቀነስ አድርጎ ለመሃለኛው አካል፣ ለእነ ልብና ሳንባ ይቆጥበዋል። ሙቀት ስናገኝ ሥሮቹ ይከፈታሉ፤ ደሙም ይመለሳል። ያቺ ንዝረት የመመለሱ ምልክት ናት። በጣም እወዳታለሁ። ለዚህም ነው እንደገባሁ ካፖርቴን ወርውሬ ወደ ሥራ የማልሮጠው። በሩ አጠገብ ቆም እላለሁ። ሻርፔን ቀስ ብዬ እፈታለሁ። እጄ እስኪመለስ ድረስ ስልኬን አልነካም።

ቆዳችን አጥብቆ የሚነግረን ስለ ለውጥ ነው። ቀኑን ሙሉ ቤት የዋለ ሰው "ትንሽ በረድ አላለም?" ይላል። በዚያችው ደቂቃ ከውጭ የገባው ደግሞ "ኧረ እንዴት ይሞቃል!" ይላል። ክፍሉ ያው ክፍል ነው፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ብርዱን ፈርታችሁ ቤት ተዘግታችሁ ከዋላችሁ የቤታችሁን ሙቀት ራሱ ታጡታላችሁ ባይ ነኝ። ለአጭር ጊዜም ቢሆን ወጣ በሉ። አንድ ዙር እንኳን ዞር ዞር ብላችሁ ተመለሱ። ስትመለሱ ቤቱ ሌላ ቤት ነው።

ትኩስ ነገር መጠጣትም የዚሁ ዘመድ ነው። ሻይ ይሁን፣ ቡና ይሁን፣ ባዶ ሙቅ ውሃም ይሁን ግድ የለኝም። ለእኔ ዋናው ኩባያው ነው። ወፍራም፣ ከበድ ያለ፣ ሁለት እጅ የሚይዘው ኩባያ እወዳለሁ። ወፍራም ኩባያ ግን አንድ አመል አለው። ቀዝቅዞ ከቆየ የመጀመሪያውን ሙቀት ለራሱ ይወስድና መጠጡን ለብ ያደርገዋል። መፍትሔው ቀላል ነው። የፈላ ውሃ ትሞሉታላችሁ፣ ለአፍታ ትተዉታላችሁ፣ ትደፉታላችሁ፣ ከዚያ መጠጡን ትቀዳላችሁ። ይህች የወሩ ምርጥ ልማዴ ናት። የሞቀው ኩባያ መጠጡን ከማቆየቱም በላይ ገና ሳትጠጡ እጃችሁን ያሞቃል። መስኮት አጠገብ ይዛችሁት ቁሙ። አየሩ እዚያ ጋ ስለሚቀዘቅዝ እንፋሎቱ ጎላ ብሎ ይታያል። መስታወቱ ላይ ሄዶ ያርፋል፣ ጠብታ ይሆናል፣ ጠብታው ከብዶት መውረድ ይጀምራል። እኔ ይህን እያየሁ ሻዬን እጨርሳለሁ።

ስለ መኝታ ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። ብርድ ልብስ በራሱ ሙቀት የለውም። ሥራው አየር ማሰር ነው። በክሮቹ መካከል የታሰረው አየር ሙቀት ቶሎ አያስተላልፍም፤ ስለዚህ ከሰውነታችሁ የወጣው ሙቀት እዚያው ይቀራል። ሱፍ የሚመረጠውም ለዚህ ነው። ፀጉሩ የተጠማዘዘ ስለሆነ ብዙ አየር ይይዛል። መጀመሪያ ስትገቡ አንሶላው ያንዘፈዝፋል። እግራችሁን ሰብሰብ ታደርጋላችሁ። ትንሽ ቆይቶ ሥፍራው መሞቅ ይጀምራል። ያሞቃችሁት እናንተ ናችሁ። የራሳችሁን ሙቀት ነው መልሳችሁ የምትቀበሉት። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ያቺን የመጀመሪያዋን የመንዘፍዘፍ ደቂቃ እንኳን በጉጉት ነው የምጠብቃት።

ካልሲን በተመለከተ ጠንከር ያለ አቋም አለኝ። ማታ ማታ ንጹሕ የሱፍ ካልሲ ማሞቂያው ላይ አሰጣለሁ፤ ልተኛ ስል አደርገዋለሁ። የድሎት ብቻ ነገር አይደለም። እንቅልፍ ሲመጣ የሰውነታችን የውስጥ ሙቀት ዝቅ ማለት አለበት። ሙቀቱ የሚወጣው በብዛት በእጅና በእግር በኩል ነው። እግር ሲሞቅ የደም ሥሮቹ ይከፈታሉ፣ ሙቀቱ መውጫ ያገኛል፣ እንቅልፍም ቶሎ ይመጣል። እግሩ የቀዘቀዘ ሰው ሲገላበጥ የሚያድረው ለዚህ ነው። ክፍሉ ግን ቀዝቀዝ ይበል። የቀዘቀዘ አፍንጫና የሞቀ እግር፤ በቃ፣ ለእኔ የዚህ ወር ሌሊት ማለት ይኸው ነው።

አሁን ወደምወደው ጉዳይ ልግባ። ቤቴ ውስጥ በሙቀቱ ወራት ፀሐይ ደርሳበት የማታውቅ አንዲት ግድግዳ አለች። ከመስኮቱ ትይዩ፣ ክፍሉ መጨረሻ ላይ ናት። በሞቃቱ ወቅት ፀሐይ ከፍ ስለምትል ብርሃኗ መስኮቱ ሥር ወለሉ ላይ ነው የሚወድቀው። በብርዱ ወቅት ግን ዝቅ ትላለች። ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 40 ዲግሪ ላይ ባለ ቦታ፣ በጁን መጨረሻ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአድማስ 73 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች። በዲሴምበር መጨረሻ ግን ከ27 ዲግሪ አታልፍም። ስለዚህ ብርሃኑ አግድም ይገባል። ወለሉን ተሻግሮ፣ ጠረጴዛውን ተሻግሮ ያችን ግድግዳ ያገኛታል።

ብርሃኑ ሲመጣ ሥራዬን አቆማለሁ። መጀመሪያ መጻሕፍቱ ጀርባ ላይ ያርፋል። ከዚያ የበሩን እጀታ ይነካል። ቀጥሎ ግድግዳው ላይ ይወጣል። ብርሃኑ ከጎን ስለሚመታው የግድግዳው እያንዳንዷ ጉድፍ ጥላ ታወጣለች። አንድ ቦታ ላይ ቀለም ሲቀባ የቀረች የብሩሽ ፀጉር አለች። ቀለሙ ውስጥ ደርቃ ቀርታለች። በሌላ ጊዜ ብትፈልጓት አታገኟትም። በጃንዋሪ ግን ከነጥላዋ ቁልጭ ብላ ትታያለች። እዚህ ክፍል ውስጥ ከእኔ በፊት አንድ ሰው ቆሞ፣ እጁን ከፍ ዝቅ እያደረገ ይህን ግድግዳ ቀብቷል። ማን እንደሆነ አላውቅም። ብርሃኑ እስኪያልፍ ድረስ ግን ሥራውን አይለታለሁ። ደግሞ አየሩ ላይ የሚንሳፈፈው አቧራ አለ። ማንም አቧራ አይወድም። በዚህ ብርሃን ግን አቧራውም ያምራል።

ምድር በዓመት ውስጥ ለፀሐይ ከሁሉ ይበልጥ የምትቀርበው በዚሁ ወር፣ በጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ መሆኑን ስሰማ ደንቆኝ ነበር። ያኔ በመካከላቸው ያለው ርቀት ወደ 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነው። በጁላይ መጀመሪያ 152 ሚሊዮን ይደርሳል። ብርዱን የሚያመጣው ርቀት አይደለም ማለት ነው። የምድር መዝመም ነው። ምድር 23.4 ዲግሪ ገደማ ዘመም ብላ ስለምትዞር በዚህ ወቅት ሰሜኑ አጋማሽ ከፀሐይ ፊቱን መለስ ያደርጋል። ብርሃኑ አግድም ስለሚመጣ በሰፊ ቦታ ላይ ተበትኖ ይሳሳል፤ ቀኑም ያጥራል። ግድግዳዬን የሚያበራትና ጣቴን የሚያቀዘቅዘው አንድ ነገር ነው።

ቀኑን ካነሳሁ አይቀር ስለ ምሽቱ ልንገራችሁ። ቀኑ እጅግ የሚያጥረው ዲሴምበር 21 ወይም 22 ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ መርዘም ይጀምራል። ግን ጠዋቱና ማታው እኩል አይራመዱም። ፀሐይ ቶሎ መጥለቋን የምታቆመው ቀደም ብላ፣ ገና በዲሴምበር ውስጥ ነው። አርፍዳ መውጣቷን የምታቆመው ግን ዓመቱ ከተለወጠ በኋላ፣ በጃንዋሪ መጀመሪያ አካባቢ ነው። ምክንያቱም በዚህ ሰሞን ከአንዱ እኩለ ቀን እስከሚቀጥለው እኩለ ቀን ያለው ጊዜ ከ24 ሰዓት በግማሽ ደቂቃ ገደማ ይበልጣል። ሰዓታችን ግን ይህን አይከተልም። ስለዚህ የፀሐይ መውጫም መጥለቂያም በየቀኑ ወደፊት ይገፋል። ጠዋት ላይ "ኧረ ይሄ ጨለማ መቼ ነው የሚለቀን?" እያላችሁ ሳለ፣ የማታው ብርሃን ቀስ በቀስ እየረዘመላችሁ ነው። ወሩ ሲጋመስ ቀኑ እንደየቦታው በየዕለቱ አንድም ሁለትም ሦስትም ደቂቃ ይጨምራል። አንድ ቀን ላይ አይታወቅም። ሳምንት ላይ ግን ይታወቃል። ከሥራ ስወጣ ሰማዩ ጠርዝ ላይ ትንሽ ብርሃን ቀርቶ ካየሁ፣ ምን ልበላችሁ፣ ነፍሴ መለስ ትላለች። ምሽቱን እየተከታተልኩ በማየው በዚህ ጭማሪ ብቻ ወሩን መውደድ ይበቃኝ ነበር።

ስለ መንደሪንም ጥቂት ልበል። በብዙ አገር መንደሪን የሚደርሰው ብርድ ሲገባ ነው። ልጣጩን ብርቱካናማ የሚያደርገውም ብርዱ ራሱ ነው። ሌሊቱ ቀዝቀዝ ሲል ልጣጩ ውስጥ ያለው አረንጓዴ ቀለም ይጠፋና ሥር የነበረው ቀለም ይወጣል። ሌሊቱ በማይቀዘቅዝበት ሞቃት ቦታ ፍሬው በስሎ ጣፍጦም ልጣጩ አረንጓዴ እንደሆነ ሊቀር ይችላል። ሲላጥ ደግሞ ከልጣጩ ላይ እፍ ብሎ የሚረጨው ዘይት አለ። መብራት አጠገብ ብትልጡት እንደ ጉም ሆኖ ሲበን ታዩታላችሁ። ክፍሉ ወዲያው ይታወዳል። እኔ ፍሬውን ከበላሁ በኋላ ልጣጩን ቶሎ አልጥለውም። ጠረጴዛዬ ላይ አቆየዋለሁ። ሌላ ገጽ ላገላብጥ እጄን ሳነሳ ሽታው ጣቶቼ ላይ አለ።

በረዶ በሚጥልበት አገር ለምትኖሩ የሚቀጥለው የታወቀ ነው፤ ግን ሳልጽፈው ማለፍ አልችልም። ሌሊት በረዶ ጥሎ ከሆነ ጠዋት ዓይኔን ሳልገልጥ አውቀዋለሁ። ጸጥ ይላል። የመኪናው ድምፅ ይርቃል። አዲስ የጣለ በረዶ አብዛኛው አየር ነው። ከአሥር እጅ ዘጠኙ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ አየር ሊሆን ይችላል። በቅንጣቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ድምፅን ይውጠዋል። በረዶው ሲረገጥና ሲጠጥር ጸጥታው አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ይህን ጸጥታ የሚያገኘው ቀድሞ የወጣ ሰው ነው። ብርዱ ጠንከር ያለ ከሆነ ደግሞ ጫማ ሥር ቂጥጥ፣ ቂጥጥ የሚል ድምፅ አለ። ቅንጣቶቹ ሲሰበሩና እርስ በርስ ሲፋተጉ የሚወጣ ነው። በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ይጠፋል። እኔ በዚህ ድምፅ ብርዱን እገምታለሁ።

የበረዶ ቅንጣትን በዓይኔ ማየት የጀመርኩት ስለ ዊልሰን ቤንትሊ ካነበብኩ በኋላ ነው። በአሜሪካ ቬርሞንት ግዛት ጄሪኮ በምትባል ትንሽ ቦታ የሚኖር ገበሬ ነበር። ጃንዋሪ 15 ቀን 1885፣ ገና 20 ዓመት ሳይሞላው፣ ካሜራን ከማይክሮስኮፕ ጋር አያይዞ የአንዲት የበረዶ ቅንጣትን ፎቶ አነሳ። ከዚያ በኋላ እስኪሞት፣ እስከ 1931 ድረስ፣ ከ5,000 በላይ ቅንጣቶችን ፎቶ አንስቷል። ሁሉንም የሚሠራው ብርድ ውስጥ ሆኖ ነው። ቤት ቢያስገባት ትቀልጥበታለችና። ቅንጣቷን ጥቁር ነገር ላይ ይቀበላታል፣ በላባ ያስተካክላታል፣ ትንፋሹ እንዳያቀልጣት ይጠነቀቃል። ጎረቤቶቹ ምን ይሉት እንደነበር አላነሳም። እኔን የሚገርመኝ ትዕግሥቱ ነው። ዕድሜውን በሙሉ ደቂቃ የማትቆይ ነገርን ለማየት ሰጠ።

ከእሱ ተምሬ ጠቆር ያለ የሱፍ ጓንት አድርጌ እወጣለሁ። በኪሴ አጉሊ መነጽር እይዛለሁ። ቅንጣቷ ጓንቱ ፀጉር ላይ ታርፋለች። ስድስት ክንድ አላት። ውሃ ረግቶ በረዶ ሲሆን ሞለኪውሎቹ በባለ ስድስት ጎን ቅርጽ ስለሚያያዙ ነው ስድስት የሆነችው። ቅርጿ ደግሞ የመጣችበትን አየር ይናገራል። ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ አካባቢ፣ እርጥበት ባለበት አየር ያደገችው ሰፊ ባለ ቅርንጫፍ ኮከብ ትሆናለች። ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ አካባቢ ያደገችው መርፌ ትመስላለች። ይህን አጥንቶ ያሳየው ጃፓናዊው የፊዚክስ ሊቅ ኡኪቺሮ ናካያ ነው። በ1936 በሆካይዶ፣ በጥንቸል ፀጉር ጫፍ ላይ የመጀመሪያዋን ሰው ሠራሽ የበረዶ ቅንጣት አሳድጓል። እኔ ጓንቴ ላይ ሳያት የሚገርመኝ ውበቷ ብቻ አይደለም። እላዬ ያለውን ሰማይ ሙቀትና እርጥበት ይዛልኝ መጥታለች። ትንፋሼን ዞር አድርጌ አያታለሁ። ከዚያ ጫፎቿ ይደበዝዛሉ፣ ክንዶቿ ያጥራሉ፣ ጠብታ ትሆናለች። ሌላ ትመጣለች።

ሰማዩ በሚጠራበት ማታ ደግሞ ቀና በሉ። በዚህ ወር የሌሊቱ ሰማይ በደማቅ ኮከቦች የተሞላ ነው። የብዙዎቹ ማግኛ ኦሪዮን የሚባለው የኮከቦች ስብስብ ነው። መሃሉ ላይ ሦስት ኮከቦች በአንድ መስመር ተደርድረዋል፤ መሳት አይቻልም። ከእነሱ በአንድ በኩል ቀላ ያለው ቤተልጉዝ፣ በሌላው በኩል ሰማያዊ ነጣ ያለው ራይጀል አለ። የኮከብ ቀለም እንዲህ በባዶ ዓይን ሲታይ ደስ ይላል። ቀላ ያለው ቀዝቀዝ ያለ ኮከብ ነው፤ ሰማያዊ የሆነው እጅግ የሞቀው ነው። የሦስቱን ኮከቦች መስመር ወደ ታች ብትከተሉት ሲሪየስን ታገኛላችሁ። ከሌሊቱ ሰማይ ኮከቦች ሁሉ ደማቁ እሱ ነው። ዝቅ ብሎ ሲታይ አየሩ ብርሃኑን ስለሚያወዛውዘው ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ እያለ ይብለጨለጫል። ብርሃኑ እኛ ጋ ለመድረስ 8.6 ዓመት ይፈጅበታል። እኔ ሲሪየስን ሳይ ዛሬ የማየው ብርሃን ሲነሳ እኔ የት ነበርኩ እላለሁ። ከማን ጋር ነበር የምኖረው? ምን ያስጨንቀኝ ነበር? ጥሩ ጥያቄ ነው። ብርዱ ግን ብዙ አያስቆምም፤ መልሱን ቤት ገብቼ ነው የማስበው።

ወፎቹን ልርሳቸው ብል አልችልም። ቅጠል የሌለው ዛፍ የሚደብቀው ነገር ስለሌለ በዚህ ወር ወፍ ማየት ቀላል ነው። በብርዱ ሁሉም የወፈሩ ይመስላሉ። አልወፈሩም። ላባቸውን ነፍተው አየር አስረዋል። እኔ በብርድ ልብስ የማደርገውን እነሱ በላባቸው ያደርጉታል። በሰሜን አሜሪካ ቺካዲ የሚባል ባለ ጥቁር ኮፍያ ትንሽ ወፍ አለ። ክብደቱ ከ10 እስከ 14 ግራም ቢሆን ነው። በቀዝቃዛ ሌሊት ጉልበት ለመቆጠብ የሰውነቱን ሙቀት በ10 ዲግሪ ገደማ ዝቅ አድርጎ ያድራል። ጠዋት እየተንቀጠቀጠ ራሱን መልሶ ያሞቃል። ከዚያ ወዲያው ምግብ ፍለጋ ይወጣል። ስለዚህ ለወፍ ጥሬ የምታስቀምጡ ከሆነ ማለዳና አመሻሽ ላይ አትርሷቸው። ውሃም አስቀምጡላቸው። ሁሉ ነገር ረግቶ በረዶ ሲሆን የሚጠጣ ውሃ ማግኘት ከምግቡ እኩል ይቸግራቸዋል።

ሌሎችም አሉ፤ ቶሎ ቶሎ ልበላቸው። አራቱ ጣቶች አብረው የሚገቡበት ጓንት። ጣቶቹ ሙቀታቸውን ስለሚካፈሉ ለየብቻ ከሚገቡበት የበለጠ ያሞቃል። ከማድረቂያ ማሽን ወይም ከማሞቂያ ላይ ሞቆ የወጣ ፎጣ። ቀደም ብዬ ያነበብኩትን መጽሐፍ ደግሜ ማንበብ፤ ረጅም ሌሊት ለአዲስ መጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ለቆየ ወዳጅም ይሆናል። የተቀደደ ሹራብ መጠገን። ክሩን ስመርጥ፣ ቀዳዳውን ስሸምን አእምሮዬ ያርፋል። ሬዲዮ ከፍቶ አምፖል ሳያበሩ መቀመጥ።

ይህን ሁሉ ስጽፍ አንድ ነገር ልቤ ውስጥ አለ። እኔ ብርድን የምወደው የምገባበት ሙቅ ቤት ስላለኝ ነው። መሻገሪያው የሚያስደስተው ማዶው ላይ ሙቀት ካለ ነው። ማሞቂያውን ለመክፈት ለሚሳቀቅ ሰው፣ ውጭ ለሚያድር ሰው ጃንዋሪ ሌላ ወር ነው። ይህን ረስቼ ብርድ ደስ ይላል ብል ነውር ነው። የተረፈ ካፖርትና ብርድ ልብስ ካላችሁ ወሩ ሳያልፍ ስጡ። ማርች ላይ መስጠት ምን ያደርጋል? ብቻቸውን የሚኖሩ ጎረቤቶቻችሁን ደውሉላቸው፤ በራቸውን አንኳኩ።

ጨለማው ራሱ የሚከብዳቸውም አሉ። ይህ ስንፍና አይደለም፤ ማጋነንም አይደለም። በ1984 ኖርማን ሮዘንታል የተባሉ የአእምሮ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ወቅት እየጠበቀ የሚመጣ የድብርት ሕመም መኖሩን በጥናት ጽፈዋል። ዛሬ በደንብ የታወቀ ሕመም ነው። ሕክምናም አለው። አንዱ ጠዋት ጠዋት ለግማሽ ሰዓት ያህል 10,000 ሉክስ (ሉክስ የብርሃን መለኪያ ነው) ብርሃን በሚሰጥ ልዩ መብራት ፊት መቀመጥ ነው። በየዓመቱ በዚህ ወቅት እንቅልፍ የሚበዛባችሁ፣ ተስፋ የሚያስቆርጣችሁ፣ ሰው የሚያስጠላችሁ ከሆነ ሐኪም አማክሩ። ሙቅ ኩባያና የሱፍ ካልሲ የዚያን ሕመም መድኃኒት አይሆኑም። ጓደኛዬን ያልፈረድኩባትም ለዚህ ነው። ከዚያ የስልክ ወሬ በኋላ "እስኪ ቀን ላይ ብርሃን እያለ አብረን ወጣ እንበል" አልኳት። እሺ አለች። አሁን በየሳምንቱ እንሄዳለን። ብርዱን አሁንም አትወደውም። መሄዱን ግን ወዳዋለች።

በመንገዳችን ላይ የማሳያት ነገር አለኝ። ሰው ዛፉ በጃንዋሪ የሞተ ይመስለዋል። ቅርንጫፉን ጠጋ ብላችሁ እዩት። ጫፉ ላይ እንቡጥ አለ። ይህ እንቡጥ የተሠራው ባለፈው የሙቀት ወቅት፣ ዛፉ ገና ቅጠል ለብሶ ሳለ ነው። የሚመጣው የሙቀት ወቅት ቅጠልና አበባ ታጥፎ ውስጡ ተቀምጧል። የማግኖሊያ እንቡጥ ለስላሳ ፀጉር ለብሷል። ጓንታችሁን አውልቁና በጣታችሁ ንኩት። ዊች ሄዝል የሚባለው ቁጥቋጦ ደግሞ ጭራሽ በዚህ ብርድ ያብባል። አበባው እንደ ቀጫጭን ቢጫ ሪባን ነው። ውርጩ ሲጠነክር ሪባኖቹ ይጠቀለላሉ። ቀኑ ለስለስ ሲል ይዘረጋሉ። ባለፈው ሳምንት ስናልፍ ተጠቅልለው ነበር። ጓደኛዬ አጎንብሳ አየቻቸውና "እና መቼ ነው የሚከፈቱት?" አለችኝ። ቅዳሜ ሞቅ ይላል ተብሏል። በዚያው መንገድ እንመለሳለን።